ከኋላ ጎማ ሥር ያለው ድንጋይ

ባሌ ስንሻው የተቀበረው በሰኔ ሚካኤል ነው። ቄሶቹ ፍትሐት ሲያደርሱ ነፋሱ ዞር አለና የናፍጣ ሽታ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ከእሱ የመጣ መሰለኝ። ስንት ጊዜ ቢታጠብ፣ በእንዶድ ቢታሽ፣ ናፍጣ ከእጁ የማይለቅ ሰው ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስንሻው ናፍጣ ከነካ ልጃችን ወልዳ ልጆቿ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ቀና ብዬ ባይ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ፣ በአያ ፈንታ ማሳ ላይ፣ አዲስ ሰማያዊ ትራክተር ወዲህና ወዲያ ይላል። ነጂው ጆሮው ውስጥ የሙዚቃ ማዳመጫ ሰክቶ ራሱን ይወዘውዛል። በሚካኤል ቀን፤ የእድርተኛ አስከሬን መሬት ሳይገባ።

አያ ፈንታ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ፀጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ዳኛ ናቸው። አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ ዳኝነቱን ግን አልለቀቁም። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አያ ፈንታ፣ ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ፣ እታለም ብርቄ።»

«ታዲያ ያ ምንድነው?»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፤ የኪራይ ነው። ዛሬ ካላረሰልን ነገ ወደ አማኑኤል ከተማ ይሻገራል። ደግሞስ ብረት ነው እንጂ በሬ አይደል። ብረት ምን ይደክመዋል!»

«ልጄ መንገድ ላይ ናት። ትንሽ ብንጠብቃትስ?»

«ሰዉ ተራ ይዟል እኮ እታለም።»

ተራ ያሉት የትራክተሩን ተራ ነው። ስለዚህ ባሌ ቶሎ ተቀበረ። ልጃችን ይታይሽ ከባሕር ዳር ተሳፍራ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል፣ ሰዉ ወደ ማሳው ሄዷል፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው እኔና ሁለት ባልቴቶች ነበርን። ብረት ምን ይደክመዋል! ይህችን ቃል ከዚያ በፊትም ሰምቻታለሁ። ያን ጊዜ የተናገራት ባሌ ነበር፤ በዚህችው ቃል ምክንያት የፈረዱበት ደግሞ አያ ፈንታ።

መሬቱ ሁሉ የማኅበር ነው በተባለበት ዘመን ስንሻው የማኅበሩ ትራክተር ነጂ ነበር። ከዚያ በፊት ጦር ሜዳ የጭነት መኪና ነድቷል። ስለዚያ አያወራም፤ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። አፈር የሚያለብሳቸው አጥተው መንገድ ዳር የቀሩ ሰዎችን አይቷል። «ሰው እኮ ነው ብርቄ፣ እንደ እንጨት» ይል ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥር ነበር፤ ከተማሪዎቼም አንዱ እሱ ነው። እርሳሱን እንደ ብሎን መፍቻ አጥብቆ ይይዘውና ወረቀቱን ይበሳዋል። የካኪ ቱታ ይለብሳል፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ያን ጊዜ ገና አንዱንም መጻፊያ አላደረገውም። ወንዱ ሁሉ አረንጓዴ ቁምጣና ጋቢ በሚለብስበት አገር የካኪ ቱታ የለበሰ ሰው ከመምህርም ከፖሊስም ይከበር ነበር። አሁን የትም ቦታ የቀን ሠራተኛ ይለብሰዋል። ያን ጊዜ ግን ቱታውን አጥቤ አጥር ላይ ሳሰጣው መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር።

ትራክተሩ ቀይ ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጣ ዕለት ሰዉ በእልልታ ነው የተቀበለው። ልጆች ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ከኋላው ሮጡ፤ ጫማው ብርቅ ስለነበር በሩጫ እንዳያልቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተሩ ቆመ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ከዚያ ደግሞ ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ። እንዴት እንደፈረሰ የሚያውቁ ይጻፉት፤ እኔ የማስታውሰው ቆርቆሮውን ነው። የመጋዘኑ ጣሪያ በአንድ ቀን ወለቀ። አንዱ በር ተሸከመ፣ አንዱ መስኮት፣ አንዱ የጓሮውን ሽቦ። በሬዎቹ በዕጣ ተከፋፈሉ። ትራክተሩን እንዳለ የፈለገው ስላልነበረ እየቆራረሱ ወሰዱት። የመብራቱ መስታወት የጎረቤታችን ጨው ማስቀመጫ ሆነ። መሪውን ልጆች ለጨዋታ ወሰዱት። መቀመጫው አያ ፈንታ ደጅ ገባ፤ እሱ ላይ ተቀምጠው ሽምግልና ያዩ ነበር። ስንሻው በሬ ሲጠብቅ «በድኑ ያንተ ድርሻ ነው» ተባለ። ሰዉ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በበሬ አስጎትቶ ደጃችን ላይ አመጣው። ቤታችን ተዳፋት አፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ ማሳችን ይጀምራል፣ ከማሳው ወዲያ ደመና ከሌለ የጮቄ ተራራ ይታያል። እዚያ ተዳፋት ላይ አቁሞ፣ ቁልቁል እንዳይንደረደር የኋላ ጎማው ሥር የሁለት ሰው ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ሸጎጠበት።

ይታይሽ ያን ጊዜ የወለቀው የፊት ጥርሷ ገና አልበቀለም ነበር። ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የወለድኳቸው አልበረከቱልኝም፤ ያለችን እሷ ብቻ ናት። እጇ ቀጭን ስለነበረ አባቷ ሞተሩን ሲፈታታ የማይደርስበት ቦታ ትደርስለታለች። አንድ ቀን እስከ ብብቷ ሞተሩ ውስጥ እጇን ከትታ፣

«አባዬ፣ እዚህ ጎጆ አለ» አለችው።

«የምን ጎጆ?»

«የወፍ። እንቁላልም አለው፤ ይሞቃል።»

«እንዳትነኪው፤ እጅሽን ቀስ ብለሽ አውጪ።»

ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪበሩ ድረስ ሥራው ቆመ። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ሄደው በጭላንጭል ያዩና ይመለሱ ነበር። ስንሻውን ሳስብ እንዲህ ያለውን ቀን ብቻ ባስታውስ ደስ ይለኝ ነበር።

ወፎቹ ከሄዱ በኋላ አባትና ልጅ የተወሰደውን ዕቃ ከየቤቱ መለመን ጀመሩ። ጨው ያለበትን መስታወት በሌላ ዕቃ ለውጠው አመጡ። መሪውን ከልጆቹ በሸንኮራ አገዳ ገዙት። የከበደው የአያ ፈንታ መቀመጫ ነበር።

«አያ ፈንታ፣ መቀመጫውን ፈልገነው ነበር» አላቸው ስንሻው፣ ራሱን እያከከ።

«የምን መቀመጫ?»

«የተቀመጡበትን» አለች ይታይሽ።

«እና እኔ ምን ላይ ልቀመጥ?»

«አባዬ በርጩማ ይሠራልዎታል። ብረት እኮ ይበርዳል፤ ለሽማግሌ እንጨት ነው የሚሻለው።»

«ማነው ሽማግሌ! ይህች ልጅ፣ በዚህ ምላሷ ባል አታገኝም።»

«ካገኘሁ ትራክተር ላይ ነው የማስቀምጠው።»

አያ ፈንታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስንሻው ከዋንዛ እንጨት በርጩማ ጠርቦ ሰጣቸው፣ መቀመጫውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

የጠፋውን ዕቃ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ እኔም አብሬ እሄድ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ የአሮጌ ብረት ተራ ነበረ፤ ሻጮቹ ጆንያ ላይ ብሎን በየዓይነቱ እንደ እህል ይከምራሉ። ይታይሽ ቢጫ ሹራቧን ለብሳ ከክምሩ ፊት ቁጢጥ ትልና በጣቷ እየለካች ትመርጣለች። እኔ ከማዶ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ሳይሟሟ የሚቀር፣ ከጎኑ ትኩስ ፓስቲ። ጥጉ ላይ የካሴት ሱቅ ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን እየመላለሰ ይለቃል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ካሴቱ ሲጠነጠን ይሰማል፣ ከዚያ እንደገና። ሠርግ ያላት ሴት ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ከሱቁ ፊት ትቆምና ግጥሙን ለመያዝ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አንድ ጀሪካን ናፍጣ በአንድ ዶሮ ዋጋ ይገኝ ነበር፤ ዶሮ ይዘን ሄደን ናፍጣ ይዘን እንመለሳለን። ባለፈው ለሐኪም ስሄድ በዚያ ጥግ አለፍኩ። ሻይ ቤቷ የለችም፣ ቦታው ላይ በመስታወት የተለበጠ ፎቅ ቆሟል፣ ሥሩ የስልክ መሸጫ ነው። ቆሜ ሳይ ዘበኛው «እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ይጁቤ ከተማ ደግሞ የእኛው ትራክተር እህት የሆነች ሌላ ቀይ ትራክተር ሞታ ነበር። ባለቤት ነኝ የሚል ስላልነበረ አባትና ልጅ እዚያ እያደሩ ሆዷን ፈትተው፣ የሚጠቅመውን በአህያ ጭነው አመጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስንት ክረምት እንዳለፈ አላውቅም። ይታይሽ ቁመቷ ከጎማው በለጠ። የተቀደደውን ከወፍራም ካርቶን ቆርጣ ትለጥፋለች፣ ዝገቱን በአመድና በናፍጣ ትፈትጋለች፣ ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር ለጥምቀት እንኳ አይለቅም።

ማስነሻው ሞተሪኖ ግን እስከ መጨረሻው እምቢ አለ። ስለዚህ ትራክተሩ የሚነሳው በቁልቁለቱ ነበር። እሷ መቀመጫው ላይ ትወጣለች፣ ፍሪሲዮን ረግጣ ማርሽ ታስገባለች። እሱ ከኋላ ጎማው ሥር ተንበርክኮ ድንጋዩን በሁለት እጁ ይይዝና «ተዘጋጅተሻል?» ይላል። «ተዘጋጅቻለሁ!» ስትል ድንጋዩን ነቅሎ ወደ ጎን ይወድቃል። ያ ሁሉ ብረት ዝም ብሎ ቁልቁል መንከባለል ይጀምራል፤ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነው። አጋማሽ ላይ ስትደርስ ፍሪሲዮኑን ትለቀዋለች። ትራክተሩ ይንገጫገጫል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይነሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳ ዕለት ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ እሱ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አንድ ሰው ብቻውን ሊያስነሳው አይችልም። ማታ ስታቆመውም ድንጋዩን የሚሸጉጠው እሱ ነው። ያ ሥራ ያለ ሁለቱ አይሆንም ነበር።

ይታይሽ ስታርስ ወንዶች ለበሬ የሚያዜሙትን ለትራክተሩ ታዜምለት ነበር፤ በበሬው ስም ቦታ «ቀዩ» እያለች። ስንሻው ከኋላዋ በባዶ እግሩ ትልሙን ተከትሎ ድንጋይ ይለቅማል። ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ያያሉ። ሴት ልጅ እርፍ መያዝ ነውር በሆነበት አገር ይህ ምን እንደሚባል ማንም አላወቀም። ለጊዜው ሳቁ።

ከዚያ የከብት በሽታ የገባበት ዓመት መጣ። በየደጁ የበሬ ቆዳ ተሰጣ፤ አገሩ በሙሉ ያለ ጥማድ ቀረ። የሳቁት ሁሉ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ስንሻው ናፍጣ ላመጣ ሁሉ አረሰ። መጀመሪያ የባልቴቶቹን፣ ቀጥሎ የቄሶቹን፣ ቀጥሎ የአያ ፈንታን፤ የራሳችንን ማሳ ለመጨረሻ አቆየው። ሚካኤል፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ማርያም፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ በዓሉን ሁሉ አክብሮ በተረፈው ቀን የሰው መሬት ሲገለብጥ ሐምሌ ከግማሽ አለፈ። የሰዉ ገብስ ዛላ ሲያወጣ የእኛ መሬት ገና ሣር ነበር። ዝናቡ ሊበረታ፣ የጤፍ ጊዜ ሊያልፍ ነው። የቀረው ቀን የሐምሌ ገብርኤል ሆነ።

«ተው ስንሻው፤ ዘንድሮ ይቅርና በኋላ ግብጦ እንዝራበት» አልኩት።

«ግብጦ ዓመቱን ያደርሰናል? በዓል የተከለከለው ሰውና ከብት እንዲያርፍ ነው። ብረት ምን ይደክመዋል!»

«አንተስ?»

ሄዶ ድንጋዩን ነቀለ። እሷ ነዳች፣ እሱ ተከተለ፤ እስከ ምሳ አርሰው ዘሩት። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው መንገዱ ላይ ቆሞ አያቸው።

ገብርኤል በዋለ በሳምንቱ በረዶ ወረደ። ሰማዩ ነጭ ሆነ፤ ከጮቄ በኩል እንደ ገብስ ውቂያ የሚንኳኳ ድምፅ እየቀረበ መጣና የአገሩን ገብስ ሁሉ ከአንገቱ እየቀነጠሰ አለፈ። የአያ ፈንታ ማሳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ አገዳ አልቀረም። የእኛ ጤፍ ገና ከአፈር አልወጣም ነበርና ምንም አልነካውም። ማለዳ ሰዉ መንገድ ላይ ተሰብስቦ አንዴ የራሱን ማሳ፣ አንዴ የእኛን ሲያይ አየሁ። የእኛ የዳነው የእነሱን አስቀድሞ ስላረሰ ነበር። ይህን ማን ያስባል?

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ከጎኔ ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ ይላሉ። ስንሻው የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄዶ ያንኑ ቃል ነገራቸው፤ ብረት አይደክመውም ብዬ ነው አላቸው። «ብረቱ ባያርፍም አንተ ታርፍ ነበር ልጄ» አሉት፤ ይህ እውነት ነበር፣ ክፋትም አልነበረበትም። የጎዳው ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ሞቶ ስንሻው አካፋውን ይዞ መቃብር ለመቆፈር ወጣ። አያ ፈንታ አካፋውን ከእጁ ወሰዱ።

«የእኛን እኛ እንቆፍራለን» አሉት። «የራስህን ራስህ ቆፍር።»

ቤት ገብቶ ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ ተቀመጠ። ጦር ሜዳ መንገድ ዳር ያያቸው ሰዎች እንደመጡበት አውቄያለሁ። ማታ፣ «ብርቄ፣ ማን ይቀብረኛል?» አለኝ። ሙሉ ጤነኛ ሰው፣ ጥርሱ እንኳ ያልተነቃነቀ!

ስንሻው ሽማግሌ ላከ። በእኛ አገር በደለኛ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ የተበደለው ሰው «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሰዉ ተሰበሰበ። ስንሻው ነጠላውን አደግድጎ መጣ። አንገቱ ላይ ያለውን ድንጋይ ሳይ ከጎኔ የቆመችው ይታይሽ እጄን ያዘችኝ። የትራክተሩን ድንጋይ ነበር ያመጣው። ምድር በሙሉ ድንጋይ በሆነበት አገር ያንን መርጦ አመጣ።

አያ ፈንታ ወዲያው አላወረዱትም። «ሁለት ነገር አለን» አሉ። «አንደኛ፣ ያ ብረት በበዓል አይነሳም።»

«እሺ።»

«ሁለተኛ፣ ልጅቱ ከላዩ ትወርዳለች። ሴት ልጅ ስታርስ አባቶቻችን አላዩም። በረዶውን የጠራው አንዱ ይኸው ነው።»

ስንሻው ድንጋዩን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው። አንገቱ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። በልቤ፣ ድንጋዩን ጣልና ና፣ እያልኩ ነበር። ቆይቶ፣ «እሺ» አለ።

«አውርድ!» አሉት፤ አወረደ። ሰዉ ተራ በተራ ሳመው። ድንጋዩ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ቀረ።

ቤት ስንደርስ ይታይሽ አልተቀመጠችም።

«አባዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም ልጄ። ብረቱ ይቆማል፣ በቃ። ማን ይቀብረኛል?»

«እኔ አልቀብርህም?»

«አንዲት ሴት ብቻዋን መቃብር አትቆፍርም።»

እሷ ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። በማግስቱ ማልዳ ወጥታ ድንጋዩን ከደጀ ሰላሙ ተሸክማ አምጥታ አባቷ ለጊዜው ባስያዘው ግንድ ፋንታ ከኋላ ጎማው ሥር ሸጎጠችው፤ ትራክተሩ ተንደርድሮ የተዘራውን ጤፍ እንዳያበላሸው ይመስለኛል። እጇን በጓሮ ቅጠል ጠረገች። ቢጫ ሹራቧ አንሷት ስለነበር የእኔን ጥቁር ሹራብ ለብሳ በአማኑኤል መኪና ተሳፈረች። እኔ እስከ መንገዱ ሸኘኋት። እሱ ከበር አልወጣም።

ሕይወቷን ሠርታለች። ባሕር ዳር ጋራዥ ገባች፣ ከመካኒክ ጋር ተጋባች፣ አሁን ጋራዡ የራሳቸው ነው። እኔ እየሄድኩ የልጅ ልጆቼን አይቻለሁ። ስንሻው በሄድኩ ቁጥር ከዚያችው ማሳ ጤፍ ይጭንልኝ ነበር፤ እሷም ትቀበላለች፣ ከማን ነው ብላ አትጠይቅም። ስልክ ስትደውል እሱ የራዲዮኑን ባትሪ የሚያስተካክል መስሎ ይጠጋኛል፤ ድምፅዋን ለመስማት ነው። «አባትሽን ላቅርብልሽ?» እላታለሁ። «ደህና ነው አይደል? በቃ» ትላለች። እሱም ይሰማል። በሬ ገዝቶ እንደ ሰዉ አረሰ። በበዓል ቀን፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ መሪውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ድንጋዩን ግን ነክቶት አያውቅም።

እኔ ዝም ብዬ የኖርኩ ሴት አይደለሁም። በተጣላን ቁጥር፣ «ቀብር ገዝተህ ልጅ ሸጥክ» እለው ነበር። በታመመ ጊዜ እንኳ፣ ውኃ እያጠጣሁት፣ ቂሙ ከእኔ ጋር ነበረ። አሁንም አለ። ሴት ባሏ ሲሞትባት ሁሉን ትረሳለች ይላሉ፤ እኔ አልረሳሁም። አለቅሳለሁ፣ ደግሞም እናደዳለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናሉ።

ይታይሽ የቀብሩ ዕለት ማታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች፤ እንባ አላየሁባትም። በማግስቱ፣ «መቃብሩን አትሳለሚም?» ብላት፣ «ሰው ቀብሮት የለ? የፈለገው ይኼን ነበር፣ አገኘ» አለች። በሠልስቱ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። እሱ ሞተ፤ እሷ ግን አፈሩን ሳትረግጥ ከቀረች ያ ቂም ወደ ልጆቿ ይሄዳል። ከቂም ጋር እንዴት እንደሚኖር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለአርባው መጣች። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ሰዉ ከበላ በኋላ አያ ፈንታ ስለ ስንሻው ደግነት ተናገሩ። እውነትም ደግ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣

«ልጄ ይታይሽ፣ የብረት ሰው ሆነሻል አሉ። አሁንማ ሴቶችም ትራክተር ይነዳሉ። ዘመኑ ነው» አሏት፣ ፈገግ ብለው።

ይታይሽ ዞረችላቸው። «አያ ፈንታ፣ አባዬ የጠረበልዎት በርጩማ አለ?» አለች።

«አለ እንጂ! እስከ ዛሬ እሱ ላይ ነው የምቀመጠው።»

«ጥሩ» ብላ ተነሳች። መቆፈሪያ አንስታ ወደ ትራክተሩ ሄደች። ድንጋዩ ግማሹ መሬት ገብቶ ነበር፤ ዙሪያውን ፈንቅላ አወጣችው። አፈሩን በእጇ ጠረገች፣ አነሳችውና አንገቷ ላይ አደረገችው። በሰዉ መሀል አልፋ መጣች። አያ ፈንታ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ነውና፣ «አውርጂ ልጄ፣ አውርጂ! ይቅር ብለናል!» አሉ።

«እርስዎን አይደለም» አለች፤ አልፋቸው ሄደች።

ተከተልኳት። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ገብታ በመቃብሩ ራስጌ ቆመች። አፈሩ ላይ ሣር መብቀል ጀምሯል። ድንጋዩን ተሸክማ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ፀጉሯ ላይ ሽበት አለ። ምን በድላ ነው የተሸከመችው? የበደለው እሱ ተኝቶ፣ የተበደለችው ተሸክማ! አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋሁ። እሷ ትጠብቃለች። የምትጠብቀውን ቃል የሚናገር ሰው አልነበረም። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያን ቀን የእሱ አንገት እንደተንቀጠቀጠው። ለሙት የሚናገርለት የቤቱ ሰው ነው፤ የቤቱ ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ለእሱ ያላልኩትን ቃል በእሱ ፋንታ ለእሷ ማለት ነበረብኝ።

«አውርጂ» አልኳት።

አልሰማችም መሰለኝ።

«አውርጂ ልጄ። አባትሽ አውርጂ ብሎሻል።»

አወረደችው፤ መቃብሩ ራስጌ አስቀመጠችው፤ በሁለት እጇ ገፋ ገፋ አድርጋ አደላደለችው፤ አባቷ ማታ ማታ ጎማው ሥር እንደሚያደርገው። ከዚያ ቁጭ አለች። አለቀሰች፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አላለቀስኩም። እሱ ሕይወቱን ሙሉ ይህችን አንዲት ቀን ጠብቆ ነበር። ሳያያት ቀረ። ለዚህም አልተውኩለትም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰዉ ሄዷል። ከማዶ ሰማያዊው ትራክተር ተመልሶ መጥቶ ይጮኻል። በድንገት የእኛ ትዝ አለኝ፤ ያለ ድንጋይ ትተነው ነው የሄድነው፣ ከሥሩ ደግሞ ጤፉ አለ። እየተጣደፍኩ ሄጄ አየሁት። ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ ባዶውን ነው፤ ነጫጭ ትሎች ይላወሳሉ። ትራክተሩ ጣት የምታህል አልተንቀሳቀሰም። ጎማዎቹ ተበልተው አልቀዋል፣ ብረቱ እስከ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቷል። በትከሻዬ ገፋሁት። ይታይሽም ከጎኔ መጥታ ገፋች። ንቅንቅ አላለም።

«እማ» አለች፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን ድንጋይ አላስፈለገውም ነበር።»